ውሃውን ጠይቀው

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ ወንድሜ ትዝ ይለኛል። ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ስለ እሱ ልጽፍ ስል እጄን ይይዘኛል፤ ስለ በራችን ግን መጻፍ እችላለሁ።

ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ከመንገዱ ዝቅ ያለ የጭቃ ቤት ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ደፉን አልፎ ይገባል። የግድግዳው ሥር ከመራሱ የተነሳ ጭቃው በጣት ሲነካ ይረግፍ ነበር። አንድ ቀን እናቴ የራሰውን ፍራሽ እያነሳች፣ «አሁንም ከገባ፣ በቃ፣ ቄራ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። እናንተ ከውሃው ጋር ኑሩ» አለች። ቀልዷን አልነበረም።

ወንድሜ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት። ብሎኬትና ሲሚንቶ አምጥቶ ደፉን እስከ ጉልበቴ ከፍ አደረገው። ግንበኛው ጎረቤታችን ሲያልፍ አየና፣ «አንተ፣ ቤት ነው ገንዳ የምትሠራው?» አለው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ጠብታ አትገባም!»

በሚቀጥለው ዝናብ ጎርፉ በፊት ለፊት እውነትም አልገባም። በጓሮ በኩል በግድግዳው ሥር ሰርስሮ ገባ፤ ገብቶም መውጫ አጣ። ጫማዬ ቤት ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታየኛል። እናቴ በጆግ እየቀዳች ከደፉ በላይ ወደ ውጭ ትደፋለች። «ጎበዝ ልጄ፣ እንዳይወጣ ዘጋህበት» አለችው። ከዚያ ልብሷን በፌስታል መክተት ጀመረች።

ሲያባራ ጎረቤታችን በቲማቲም ጣሳ ውሃ ሞልቶ መጣ። «እንካ፣ ጓሮ አፍስሰውና ተከተለው። ከመሥራትህ በፊት ውሃውን ጠይቀው» አለ። ወንድሜ አፈሰሰው። ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳችን መጣ።

በማግስቱ ቦይ ቆፈርን። በግድግዳው ሥር ዙሪያውን ጠጠርና ሲሚንቶ ወደ ውጭ አዘንብለን አፈሰስን። ወንድሜ ደፉንም ግማሹን አፈረሰው። ሲሚንቶው ሲደርቅ በጣሳዋ ውሃ እያፈሰሰ፣ «ወዴት ፈሰሰ?» ይለኛል። «ወደ ቦዩ» ስለው ይስቅ ነበር።

ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ እናቴ ፌስታሏን ታቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ውሃው በቦዩ እየተጣደፈ አለፈ። ብዙ ካየችው በኋላ ገብታ ልብሷን መልሳ ሰቀለች።

ያ ቤት አሁን ፈርሷል። እኔና እናቴ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነን፤ ግራውንድ። ሰሞኑን በራችን ላይ ውሃ እየተኛ አስቸገረን። ሲሚንቶ አቦክቼ፣ አዘንብዬ ለሰንኩት። ዛሬ ደረቀልኝና ጣሳ ፈልጌ ውሃ አፈሰስኩበት።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። የወንድሜን ስም ካነሳች ወራት አልፏታል። «ወዴት ፈሰሰ?» አለች፤ ልክ እሱ ይል እንደነበረው።

ውሃውን በዓይኔ ተከተልኩት።

«ወደ ውጭ» አልኳት።