ከውሃ የወጣ ጂን

በላቦራቶሪው ሚዛን እያሉ ነው የሚጠሯት፤ ጠብታ ስትለካ እጇ ንቅንቅ አይልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራችው ግን ጓንት ማድረግ ከክብሩ የሚያወርደው ከሚመስለው ዶክተር ጋር ነው።

ዶክተሩ የሚያጠናው ልጆቻቸውን በሆዳቸው ኪስ የሚያሳድጉ እንስሳትን ነበር። ግልገሏ ፀጉር ሳታበቅል፣ በሽታ መከላከያዋም ገና ሳይደራጅ ትወለዳለች፤ ታዲያ እዚያ ኪስ ውስጥ ከጀርም የሚጠብቃት የትኛው ዘረመል፣ የትኛው ጂን ነው? ጥያቄውስ ደህና ጥያቄ ነበር፤ ጠያቂው ነው ጉዱ። ጠዋት ይመጣና ክዳናቸው የተከፈተ ቱቦዎች ላይ አጎንብሶ ስለ ራሱ ይተርካል። ምራቁ ይረጫል።

አንድ ማክሰኞ፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ጂን ተገኘ ተባለ። ዶክተሩ ኮሪደሩን በጩኸት አቀለጠው። ሚዛን ግን ለማነጻጸሪያ ውሃ ብቻ የጨመረችበትን ቱቦ ስታየው ያው ጂን እዚያም ቁጭ ብሏል።

"ዶክተር፣ ውሃውም እኮ አሳይቷል።"

"ቱቦ ቀላቅለሽ ነዋ!"

ደጋግማ ሞከረችው። እሱ አናቷ ላይ ቆሞ ባወራ ቁጥር ውሃው ጂን ያወጣል። እሱ ስብሰባ በሄደበት ቀን ግን ውሃው ውሃ ሆኖ ዋለ፤ የእንስሳዋም ናሙና ምንም አላሳየም። ይህንንም ነገረችው።

"ቱቦ የምታጥብ ሴት ሳይንስ ልታስተምረኝ!" ብሎ ሳቀባት።

ቤት ገብታ ስታወራላት ታናሽ እህቷ ከት ብላ ሳቀች። "እትዬ፣ ኪስ ያለው ውሃው ነው በይኛ!"

በጉባኤው ላይ ዶክተሩ ከረባቱን አስሮ፣ ጂኑን በራሱ ስም ሰይሞ አቀረበ። አንዲት እንግዳ ተመራማሪ ኮምፒውተሯ ላይ ከታወቁ ጂኖች ጋር ስታመሳክረው ቆየችና፣ "ይቅርታ፣ ይሄ እኮ የሰው ጂን ነው" አለች። አዳራሹ ሳቁን ማፈን አቃተው።

"ናሙናውን ያበላሸችው እሷ ናት!" ብሎ ዶክተሩ ከኋላ የተቀመጠችው ሚዛን ላይ ጣቱን ቀሰረ።

ሚዛን ተነሳች። "እንግዲያው የእኔም የእርስዎም ምራቅ ይመርመር።"

ተመረመረ። የመከላከያ ጂኖች ከሰው ሰው ስለሚለያዩ ማምለጫ አልነበረም፤ ያ ብርቅዬ ጂን የዶክተሩ የራሱ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ አፈረ ብላችሁ እንዳታስቡ። ወር ሳይሞላ ስለ ናሙና ጥንቃቄ ሥልጠና እንዲሰጥ ተሾመ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሚዛን ሥራውን ለቅቃ እንግዳዋ ተመራማሪ ዘንድ ተቀጠረች። የግልገሏን ጂን እስካሁን አላገኘችውም፤ እዚያ ግን አላገኘሁም ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።