በቅሎ የከሰስን ቀን

ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ በሰፈሩበት ዘመን እኔ ገና የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ነበር። መንደራችን ከጦሩ ሰፈር በታች፣ ከወንዙ ዳር ነው። ወንዙ ክረምት ያጓራል፤ ጥምቀት ካለፈ ግን እንደ ክር ይቀጥናል። በላይ በኩል ደግሞ የሠራዊቱ ፈረስና በቅሎ ሲያደፈርሰው ይውላል።

በዚያ በጋ የመንደሩን ሕፃናት ተቅማጥ ፈጃቸው። የእኔም ልጅ ዓይኗ ጎደጎደ፤ ጡት መሳብ አቃታት። ከፊሉ ሰው «ቡዳ ነው» አለ። ከፊሉ «የሰፈር ሴቶች ይዘውት የመጡ ጣጣ ነው» አለ። የሰፈር ሴቶች የምንላቸው ከጦሩ ጋር የሚዞሩትን የወታደር ሚስቶችና ስንቅ አዘጋጆች ነው። አንወዳቸውም ነበር።

አንድ ጧት የተሻለ ውኃ ፍለጋ ሽቅብ ስወጣ፣ ከእነዚሁ ሴቶች አንዷ ልጇን አዝላ፣ እንስራዋን አስቀምጣ ታለቅሳለች። ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጄን አየችና፣

«ያንቺንም ያዛት?» አለችኝ።

«ያዛት።»

«ከጦር ጋር ስንከራተት ነው የኖርሁ። ከብቱ ከእኛ በታች በጠጣበት ሰፈር ልጆቻችን ደኅና ናቸው። ከበላያችን በጠጣበት ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

ወዲያው የቄሱ ልጆች ትዝ አሉኝ። ለእነሱ ብቻ ከምትበቃው ከቤተ ክርስቲያኑ ምንጭ ነው የሚቀዱ፤ አንዳቸውም አልታመሙም!

«ታዲያ ለምን አትናገሩም?»

«ብቻችንን ማን ይሰማናል?»

ሮጬ ሄጄ ለአማቴ ነገርኋቸው። ኃይለኛ ሴት ናቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«በይ፣ ሴቱን ሁሉ ጥሪ! የሰፈሮቹንም!»

ያን ቀን የወጣውን ሴት ብታዩ! ልጁን ያዘለ፣ ሊጡን ጥሎ የመጣ፣ እጁን በቀሚሱ የሚጠርግ። ከላይ የሰፈር ሴቶች ወረዱ፤ ከታች እኛ ወጣን፤ መኻል ላይ ስንገናኝ አንዷ እልል አለች፣ ሁላችን ተቀበልናት። እንዲያው እየጮህን ከጦሩ አዛዥ ከደጃዝማቹ ድንኳን ፊት ደረስን።

«አቤት! አቤት!»

ደጃዝማቹ ደንግጠው ወጡ። «ማን በደላችሁ?»

«በቅሎ፣ ጌታዬ» አሉ አማቴ።

ወታደሩ በሳቅ ፈነዳ። ደጃዝማቹም ፈገግ አሉ። «በቅሎ እንዴት ትከሰሳለች?»

«ልጆቻችን የሚጠጡትን ውኃ እየቀደመች ትረግጣለች፣ ትሸናበታለች። ጌታዬ፣ እርስዎ ከበቅሎ ቀጥለው ይጠጣሉ?»

ሳቁ ጠፋ። ያቺ እንስራዋን አስቀምጣ ያገኘኋት ሴትም ወጥታ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። አንድ ሽማግሌ ወታደር፣ «እውነቷን ነው ጌታዬ፣ እኔም አይቻለሁ» አለ።

በማግስቱ ነጋሪት ተጎሰመ፤ ከብት ሁሉ ከመንደሩ በታች ይጠጣ ተባለ። ፈረስ ጠባቂዎቹ ቁልቁለቱን እየረገሙን ወረዱ። እኛ ላይኛውን ውኃ በእሾህ አጠርን። ውሎ አድሮ ጠጠሩ እስኪታይ ጠራ። ለአንዳንዱ ልጅ ረፍዶበት ነበር፤ የእኔዋ ግን አንድ ቀን ጡቴን ይዛ ነከሰችኝ። በደስታ ጮኽሁ!

የዚያች የሰፈር ሴት ሕፃንም ዳነ። ጦሩ ሲነሣ አማቴ በሶ ቋጥረው፣ «አደራ፣ ሰፈር ስትለውጡ ውኃውን ቀድመሽ እዪ» ብለው ሸኟት።