አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት ክፍል

ካርቱም ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በቴክኒሻንነት የተቀጠርኩ ቀን የሌዘር ክፍሉን የከፈቱልኝ አለቃዬ ዶክተር ዑስማን ነበሩ። ጥቁሩን መጋረጃ ገለጥ አድርገው፣ «ስንለካ እዚህ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ። ሰው ሲበዛ አየሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጨረሩ ይንቀጠቀጣል። ኸላስ፣ ተግባባን?» አሉኝ።

«ኸላስ፣ ያ ዶክተር» አልኩ፤ እዚያ አገር ሰው ሲጠራ «ያ» ይባላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀለም በፈሳሽ ይሟሟል። እጅግ አጭር የብርሃን ምት ቀለሙን ይመታዋል፤ በዙሪያው ያሉት የፈሳሹ ሞለኪውሎች ለተለወጠው ጎረቤታቸው አቀማመጣቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ። ሁለተኛው ምት ዘግይቶ ይደርስና ምን ያህል እንደተስተካከሉ ያሳየናል። የሚዘገየው በሐዲድ ላይ ያለው መስታወት ወደ ኋላ ሲሸሽ መንገዱ ስለሚረዝምበት ነው። እኔ መስታወቶቹን አስተካክላለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ፣ እጠብቃለሁ። የማወራው ሰው የለም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የአገሬ ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ፣ «በብርሃን ነው የምሠራው» እላለሁ።

«እንግዲያው የኛን ቤት መብራት አይተህልን ሂድ፣ ዋላሂ ሰለቸን» ይሉኛል።

ሄጄ እሠራላቸው ነበር። ያየሁትን የምነግረው ሰው ማጣቴ ግን ከብዶኝ ነበር።

ዶክተር ዑስማን ታመሙ። ለሕክምና ካይሮ ከመሄዳቸው በፊት የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ዓመታት የደከሙበትን ልኬት በዓይናቸው ማየት። ልኬቱ ግን እምቢ አለ፤ ፈሳሹ ለመስተካከል ከሚጠበቀው በላይ ይዘገያል። ጨረሩን ፈተሽን፣ ቀለሙን ለወጥን። ጥፋቱ የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ሆኖ ተገኘ። በውኃ የሚሠራ ስለሆነ እርጥብ አየር ይነፋል፤ ደረቅ መሆን ያለበት ፈሳሽ ጠርሙሱ በተከፈተ ቁጥር ያን እርጥበት ይጠጣና ይዘገያል።

«ያላ፣ አጥፋው» አሉኝ፣ በዚያ ሙቀት። «እኔ ኮሪደር ላይ እጠብቃለሁ።»

አዲስ ጠርሙስ ከፍቼ ጀመርኩ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። በማሳያው ላይ የሞለኪውሎቹን መስተካከል የሚያሳየው መስመር መውረድ ሲጀምር መጋረጃው ተገለጠ። ዶክተር ወንበር እየጎተቱ ገቡ።

«ያ ዶክተር፣ ጨረሩ ይንቀጠቀጣል» አልኩ።

«ይንቀጠቀጥ። እቀመጣለሁ።»

መስመሩ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ይታያል። የወረደውም በሚጠበቀው ፍጥነት ነው። «አየህ ጎረቤታቸውን እንዴት ቶሎ እንደተቀበሉት?» አሉኝ ቀስ ብለው። እኔም ስንት ዓመት ብቻዬን ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ልኬት እየሄደ ሁለታችን እዚያ ውስጥ የተቀመጥነው ያን ቀን ብቻ ነው። ከካይሮ አልተመለሱም።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፦ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰው ካለ ልኬቱ ይረበሻል። ደጋግማችሁ ስትለኩ ይስተካከላል። ሁለት ሆናችሁ ሥሩ።