የሩሀማ ጆሮ ምን ይላል?

ሩሀማ ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ክንድና ወገብ ስትለካ ኖራ የራሷን አካል ልብ ለማለት ጊዜ አላገኘችም። ባለፈው ክረምት መጨረሻ ግን ጆሮዋ ጭው ማለት ጀመረ። ስፌት መኪናዋ ላይ ስትሆን አይታወቃትም፤ ታቦር ሰፈር ያለው ቤቷ ገብታ ጸጥ ሲል ግን ይጮህባታል።

መጀመሪያ የነገረችው ለባሏ ለግዛቸው ነበር።

«ሰው እያማሽ ነው» አላት ከስልኩ ቀና ሳይል። «የትኛው ነው? ግራው ነው ቀኙ?»

«ሁለቱም።»

«እንግዲያው ብዙ ሰው ነው።»

ይህን ያለው ባለፈው ዓመት ጥርሱን ሲያመው ቤቱን ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ቤት አስመስሎት የነበረ ሰው ነው።

ከባሏ ተስፋ ስትቆርጥ ሐሙስ ከሰዓት በሚደረገው የሴቶች የጸሎት ፕሮግራም ላይ ተናገረች። ፕሮግራሙን የሚመራው ኤልናታን የሚባል ወጣት አገልጋይ ነው፤ አሥራ አምስት ሴቶች ባሉባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያለ ማይክ የማይናገር።

«እናቴ፣ ይሄ በሽታ አይደለም» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ሰማይ እያናገረዎት ነው።»

ከዚያ በኋላ ሱቋ ሰላም አጣ። አንዷ ስለ ልጇ ቪዛ፣ ሌላዋ ስለ ቤቷ ካርታ ልትጠይቅ ትመጣለች። አብራት የምትጸልየው ጎረቤቷ አስካለም ልጇን ሊያገባ ስለጠየቀው ሰው ለማወቅ መጣች።

«እስቲ አድምጪልኝ፤ ምን ይላል?»

«ጭው ይላል» አለቻት ሩሀማ።

አስካለ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ጭው ሲል እሺ ማለቱ ነው ወይስ እምቢ?»

ሩሀማ በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደች። ዶክተር ሊዲያ የምትባል የጆሮ ሐኪም ጆሮዋን አየች፣ የመስማት ምርመራ አደረገችላት፣ ግፊቷንም ለካች። ከዚያ ስለ ወር አበባዋ ጠየቀቻት።

«ያመመኝ እኮ ጆሮዬን ነው» አለች ሩሀማ።

«አውቃለሁ። ይመጣል?»

አንዳንዴ ሁለት ወር ይዘላል። ድንገትም ሰውነቷን እሳት ይለቅባታል፤ እሷ ግን የሐዋሳ ፀሐይ ነው እያለች ጃንጥላ ገዝታለች።

«የወር አበባ ሊቋረጥ ሲቃረብ ብዙ ሴቶች ይህን ይነግሩኛል» አለች ሊዲያ። «ሆርሞን ሲዋዥቅ እንቅልፍ ይረበሻል፣ ጆሮም ሊጮህ ይችላል። ጆሮዎም ግፊትዎም ደህና ናቸው። ጨርሶ የሚያጠፋው ክኒን የለኝም፤ ግን ፍጹም ጸጥታ ውስጥ አይቀመጡ። ቬንትሌተር ወይም ሬዲዮ ዝቅ አድርገው ይክፈቱ። መስማት ከቀነሰብዎት ወይም አንዱ ጆሮ ብቻ መጮህ ከጀመረ ግን ቶሎ ይምጡ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ኤልናታን ማይኩን ዘረጋላት። «እናታችን የሰሙትን ያካፍሉን።»

«የሰማሁት ከሐኪም ነው» አለች። «የወር አበባዬ ሊቆም ነው፤ ጆሮዬ የሚጮኸውም ከዚያ ጋር ሊሆን ይችላል ተብያለሁ። ከእናንተም መካከል ድንገት ላብ በላብ የምትሆኑ ካላችሁ፣ ፀሐይ ላይሆን ይችላል።»

ኤልናታን ማይኩን በሁለት ጣቱ ጫፍ ተቀብሎ መዝሙር አስጀመረ፤ ያውም ሦስት አከታትሎ።

ስትወጣ አስካለ በሩ ላይ ጠበቀቻት። «የእኔም ይጮኻል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሁለት ዓመቱ። አበደች እንዳትሉኝ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ የልጅሽን ጉዳይ የእኔን ጆሮ ምን አስጠየቀሽ?»

«የእኔ አይመልስልኝማ።»

ሩሀማ ለወራት ስቃ የማታውቀውን ሳቅ እዚያው በር ላይ ሳቀች። በሳምንቱ ሁለቱም አብረው ወደ ሊዲያ ሄዱ።

ጩኸቱ አልጠፋም። መኝታ ቤት የገባውን ቬንትሌተር ግዛቸው ስላልቻለው ሳሎን ይተኛል፤ ሩሀማም እሱ ከሄደ ወዲህ እንቅልፏ ተሻሽሏል። አንዳንድ ቀን ጆሮዋን እስከ ምሳ ድረስ ትረሳዋለች። ኤልናታን በበኩሉ የጸሎት ርዕስ ሁሉ ከእንግዲህ ተጽፎ ቀድሞ ይቅረብልኝ ብሏል። የመጀመሪያውን ወረቀት ያስገባችው አስካለ ናት፤ «የወር አበባ» ብላ በትልቁ ጽፋ፣ ስሟንም ፈርማ።