ዕጢውን የከበቡት ወታደሮች

ከደሴ በወጣሁበት ማታ እናቴ ሻንጣዬን ስትሞላ ቆሜ አየኋት። በርበሬው ለዘሃራ፣ በሶው ለዘሃራ፣ ሽሮው ለዘሃራ። ዘሃራ ታናሽ እህቴ ናት፤ ፎርም ሞልታ ሚኒያፖሊስ ያስመጣችኝም እሷ ናት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እቀናባት ነበር። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ሻንጣውን ዘርግፎ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የእህቴ ነው አልኩት። "ያንቺስ የቱ ነው?" ሲለኝ ከለበስኩት ኮት ሌላ የማሳየው አጣሁ።

ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ከሚባለው የሶማሌዎች ሰፈር ካለው ፎቅ ዘሃራ ጋ ገባሁ። ብርዱ የደሴን ውርጭ ያስመሰግናል። ጎረቤቱ ሁሉ ይወዳታል፤ ሶማሌዎቹ ሳይቀሩ እኔን የዘሃራ እህት ነው የሚሉኝ። የምበልጣት በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ ደሴ አስተምሬዋለሁ። እናም ጡቷ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ ላምጣ ሲል፣ እኔ እያለሁ ብዬ ተቆጣሁ።

ዶክተሯ ዕጢው በሰርጀሪ ተቆርጦ መውጣት እንዳለበት ነግራን፣ ኢሚዩን ሴሎች ዕጢው ዙሪያ ተሰብስበዋል አለች። ከዚያ ወዲያ ያለችው አመለጠኝ፤ ድገሚልኝ ማለት ግን ሞት መሰለኝ። የሰውነትሽ ወታደሮች ዕጢውን ከበውታል ብዬ ተረጎምኩ። የዘሃራ ፊት በራ።

"ከተከበበማ ምን ያስቆርጠኛል? ሰርጀሪው ይቅርብኝ በያት።"

ይህንኑ ለዶክተሯ ነገርኩላት። ዶክተሯ ግራ ገብቷት ምን ብዬ እንደተረጎምኩ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ወረቀት አውጥታ ሣለችልኝ። ከሴሎቹ አንዳንዶቹ ዕጢውን ይወጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ከድተው ደም ሥር ያበጁለታል፣ እንዲያድግና እንዲዛመት ይረዱታል። ወረቀቱን ይዤ ወደ ዘሃራ ዞርኩ። ዝም ብል ዘሃራ ሳትታከም ትቀራለች፤ ብናገር ያለችኝ አንዲት ብልጫ ትሄዳለች። ይህን ማመዛዘኔ ራሱ አሳፈረኝ።

"ተሳስቻለሁ" አልኳት፤ ሁሉንም ነገርኳት።

ሳቀች። "እንደ ቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ናቸዋ! ግማሹ ሌባ ያባርራል፣ ግማሹ ከሌባው ይካፈላል። በይ፣ ትቁረጠው።"

እኔ አስተማሪዋ በሥዕል የገባኝን እሷ በአፍታ ጨረሰችው። እዚያው ቀናሁባት።

የሰርጀሪው ዕለት ጠዋት፣ ከቤት ሳንወጣ ዘሃራ ደሴ ደወለች። እናታችን ማን እንደሚያስተረጉምላት ጠየቀቻት። ዘሃራ እኔን እያየች፣ "እትዬ ናት፤ አንዲት ቃል አልሳተችም" አለቻትና ስልኩን ሰጠችኝ።

እናቴ በስሜ ጠርታ መረቀችኝ። አሜን አልኩ። አላህ ይወቀው፣ ያኔም በዘሃራ ደግነት እየቀናሁ ነበር።