«ሃርድሊ» ያልኩ ቀን

ከአገር የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ ታክሲው በር ላይ ጥሩንባ ይነፋል፣ አባዬ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብሎ ዚፑን ለመዝጋት ይታገላል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ነበርን። አሁን እኔም ባለቤቴ ወዳለበት ሊድስ ወደምትባል የእንግሊዝ ከተማ ልሄድ ነው። ያለቅሳል ስል፣ «እስቲ አድቨርብ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አባዬ፣ አሁን?»

«አሁን!»

«ሥራው እንዴት እንደተሠራ የሚናገር ቃል ነው። ቅጽሉ ላይ ኤል ዋይ ትጨምርበታለህ፣ በቃ።»

«ጎበዝ። አታሳፍሪኝም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነው። ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የሰፈሩን ልጆች እንግሊዝኛ ያስጠና ነበር። ስሙን ከግሡ፣ ቅጽሉን ከተውሳከ ግሡ ያስለየናል። ስሎው፣ ስሎውሊ! ካይንድ፣ ካይንድሊ! እኔም ከእነሱ ጋር እየጮኽኩ ነው ያደግሁት።

ሊድስ ግን ሌላ ነው። የእኛ ክረምት ጣሪያውን ደብድቦ፣ ጎርፉን ለቆ ይወጣለታል፤ የእነሱ ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውላል። ሰዉም እግሩን ስረግጠው «ሶሪ» የሚለኝ እሱ ነው። በሄድኩ በስድስተኛው ወር አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ለሥራ ኢንተርቪው ጠራኝ። ኃላፊዋ ፊቷ ደግ ነው።

«እስቲ ስለ ሥራ ልምድሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

«አይ ወርክ ሃርድሊ» አልኳት፣ በኩራት።

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ሃርድሊ?»

«የስ! ኤቭሪዴይ፣ ሃርድሊ!»

አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ሳቁን በሳል ሸፈነው። «ቢያንስ አልዋሸችንም» አለ።

ሥራው ቀረ። ለባለቤቴ ስነግረው ነው ጉዱን ያወቅሁት። ለካ ሃርድ ራሱ አድቨርብ ነው፤ ኤል ዋይ ሲጨመርበት «እምብዛም» ይሆናል። እኔ በየቀኑ እምብዛም አልሠራም ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ አመስግኜ ነው የወጣሁት! መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ አባዬ ዐይኔ ላይ ድቅን አለብኝና አለቀስኩ። ሲደውል ቦታው ሞልቶ ነው አልኩት። ያንን ጥላ ሥር ያሳለፈውን ዘመን እንዴት አድርጌ ስህተት ነበር ልበለው?

ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ደውዬ ሳወራው ድምፁ ፈክቷል።

«አንዲት ጎበዝ ልጅ ይዣለሁ። ነገ መስቀል ፍላወር አካባቢ አንድ ሆቴል ለኢንተርቪው ትቀርባለች። ‹አይ ወርክ ሃርድሊ› በያቸው ብያታለሁ።»

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኩት።

«ለዚህ ነው ሥራው የቀረብሽ?»

«አባዬ፣ አንተ እኮ...»

«ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

በማግስቱ ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ ልጅቷን ጠብቆ ነገራት። ሥራውን አገኘች። እሱ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ያስተማራቸውን ሁሉ ፈልጎ ሊያርም ተነሣ። እኔ ከወጣሁ ወዲህ ሰፈሩ ለልማት ፈርሶ፣ ግቢያችንም ሄዶ፣ እሱ ባምቢስ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ልጆቹም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል።

ትናንት ስደውልለት ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር አንድ ጋራዥ በር ላይ ነበር። ከልጆቹ አንዱ እዚያ መካኒክ ሆኗል።

«ነገርከው?»

«ነገርኩት። ‹ጋሼ፣ እኔ የማወራው ከመኪና ጋር ነው፣ መኪና ደግሞ አይቀየመኝም› አለኝ። ዘይት በነካው እጁ አቀፈኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን።

«እስካሁን አራት አግኝቻለሁ» አለኝ። «የሌሎቹን አድራሻ የሚያውቅ ጠፋ። አንቺ ብትኖሪ እኮ ሁሉንም በመልካቸው ታውቂያቸው ነበር።»

«የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ቤትህ ግባ። ሊመሽብህ ነው።»

«እሺ» አለኝ። ስልኩን ግን አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁም።