ዳግመኛ ያልመጡ ሽማግሌዎች

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ታጠና በነበረ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት አብረን ምሳ እንበላ ነበር። እሷ የሳምንቱን ትምህርት ትነግረኛለች፣ እኔ እቃወማለሁ። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ፣ የሚቃወማት ወንድ ያስፈልጋታል ብዬ አምን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ዝርያ ምን እንደሆነ አስረዳችኝ። ተዋልደው፣ ልጆቻቸውም በተራቸው መውለድ ከቻሉ አንድ ዝርያ ናቸው። ፈረስና አህያ በቅሎ ይወልዳሉ፤ በቅሎ ግን መካን ናት። ስለዚህ ፈረስና አህያ ሁለት ናቸው።

«ባክቴሪያስ?» አልኳት። «ባክቴሪያ አይጋባም።»

«ለእሱ ሌላ ትርጉም አላቸው።»

«ድንጋይ ሆኖ የተገኘ አጥንትስ? ከማን ጋር ይተኛ እንደነበር ማን ይጠይቀዋል?»

«እሱን በቅርጹ ይለዩታል። ሶ፣ ምን ይሁን ነው የምትለው? ሁሉም ትርጉም የሆነ ቦታ ላይ ይፈርሳል። ፕሮፌሰሩ ራሱ ብሎናል።»

እንደሚፈርስ አምኖ የሚያስተምር ሰው ብዙ ስላላጋጠመኝ ሰውየውን ጥቂት አከበርኩት።

ቀጥላ ስለ ሳላማንደር ነገረችኝ። እንሽላሊት የሚመስል፣ ሳንባ የሌለው፣ በቆዳው የሚተነፍስ፣ እርጥብ ግንድ ሥር የሚኖር ፍጥረት ነው። ከሰሜን ካሊፎርኒያ ወደ ደቡብ ሲስፋፋ መሃል ያለው ደረቅ ሸለቆ አላሳልፍ ስላለው፣ ከፊሉ በባሕሩ በኩል፣ ከፊሉ በተራራው በኩል ወረደ። በየመንገዱ ጎረቤት ከጎረቤቱ ይዋለዳል። ደቡብ ላይ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ግን መልካቸው ተለያይቷል፤ ባብዛኛውም አይፈላለጉም።

«የት ላይ ነው ታዲያ ሁለት የሆኑት?»

«የትም። መስመር የምታሰምርበት ቦታ የለም» አለችኝ። «ደግሞ ለመለያየት የግድ ተራራ አያስፈልግም። አንዳንዴ የአንዱን የመጠናናት ምልክት ሌላው አያነበውም። ያ ብቻ ይበቃል።»

በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ተላከባት። ልጁ በአራት ዓመቱ ከአገር ቤት መጥቶ ክሬንሾው ሰፈር ያደገ፣ ዌስትቼስተር ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ የሚሠራ፣ ሰላምተኛ ልጅ ነው። ልታገባው ወስናለች። ያለ ወገን ምርቃት ላታገባ ደግሞ ለእናቷ ቃል ገብታለች፤ እህቴ ብቻዋን ያሳደገቻት በዚያ ተስፋ ነበር።

ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ የታክሲ ሾፌሮች ናቸው። ሦስተኛው ልጁን በሃይስኩል ሩጫ ያሠለጠነው፣ የክሬንሾው ተወላጅ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሷል። እህቴ ወንበር ስትስብለት አመስግኖ ተቀመጠ። ትልቁ ሾፌር በክርናቸው ነካ ሲያደርጉት ተነሣ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ታላቅ ወንድሜ፣ በወጉ መሠረት።

«የመጣንበት ሳይሰምር አንቀመጥም» አሉ ሾፌሩ፣ እሳቸውም በወጉ መሠረት። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን አሉ።

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጃችን ገና ተማሪ ናት። ለትዳር አልደረሰችም። የምንሰጣት ልጅ የለችንም።»

የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። በአንድ ቃል እሺ ያለ ቤተሰብ ሴት ልጁ የከበደችው ይመስላል። ሽማግሌ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና እንቢ ይባላል፣ ደጅ ይጠናል፤ በሦስተኛው ግድም ይመረቃል። ሾፌሩ እጅ ነሥተው ወጡ። አሠልጣኙ ሁላችንንም ጨብጦ ስለ ጊዜያችን አመሰገነን።

«እንዴት ነበርኩ?» አለኝ ወንድሜ በሩን ዘግቶ።

«እኔንም አሳምነኸኛል» አልኩት።

ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ አልተመለሱም። የእህቴ ልጅ ልጁን ጠይቃ ደረሰችበት። መኪና ውስጥ አሠልጣኙ እንቢታ መከበር አለበት ብሎ ተናግሯል፤ ቡድኑን በሙሉ ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው። ሾፌሩም ለብዙ ዓመታት አሜሪካኖችን ሲያመላልሱ ኖረው፣ እውነቱን ነው ብለዋል።

እናቷን ደውዪላቸው አለቻት።

«የሴት ወገን ደውሎ ኑና ውሰዷት ይላል? ምን ጎድሎሽ?» አለች እህቴ።

ወንድሜ ከሶፋው ሳይነሣ «ይመጣሉ» አለ። «ካልመጡ ድሮም አልፈለጓትም።»

ስለዚህ እኔን ላከችኝ። ልጁን በምሳ ዕረፍቱ ከሆቴሉ ጀርባ፣ የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ ጋ አገኘሁት። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ዝም እንላለን። ወጉን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝ።

«ኦኬ ጋሼ፣ ላክን እንበል። ሁለተኛም ኖ ካሉስ?»

«ሁለተኛም ኖ ይላሉ።»

«ከዛስ?»

«ሦስተኛ ትልካለህ።»

ሳቀ። «ሥራ ቦታ ስለ ትንኮሳ ትሬኒንግ ወስደን ነበር። ይሄ ሁሉ አታድርጉ ከሚሉት ውስጥ ነው።»

«አንተ ሐበሻ አይደለህም እንዴ?»

«እኔማ ነኝ። አንድ ጊዜ ደውለው ኑ ይበሉን፣ ነገውኑ እንመጣለን። አንድ ጊዜ ብቻ። ኖ ያለኝን ሰው ግን በሩ ላይ ሄጄ አልለምንም። እንደዛ አላደግኩም።» ከዚያ ጫማውን እያየ፣ «ዳላስ ትራንስፈር ሰጥተውኛል» አለኝ። «እሷ እስክትነግረኝ ብዬ መልስ አልሰጠኋቸውም። እስከ አርብ ነው።»

የወንድሜን እንቢታ ምንነት አሁን ልጁ ያውቃል። ልጁ ለምን እንዳልተመለሰ ወንድሜም ያውቃል፤ ያን ዕለት ማታ እኔው ነገርኩት። አለመግባባት ቢሆን ኖሮ አስረድቼ በፈታሁት። ወንድሜ በሱዳን አድርጎ ነው የመጣው፣ ሾፌሩም በሱዳን አድርገው ነው የመጡት፤ ሁለቱም የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው። ወንድሜ አዳምጦኝ ሲያበቃ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገው። ተናደድኩ ለማለት ሞከርኩ። አልተናደድኩም። አብሬው ዜና አየሁ።

ቅዳሜ ለልጅቷ ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ታጥባ መጥታ ተቀምጣ ነበር፤ እየበላች ሰማችኝ።

«ጋሼስ?» አለችኝ፤ ወንድሜን ማለቷ ነው።

«አይደውልም።»

«አንተ ብትደውልላቸው?»

«ታላቅ እሱ ነው። እኔ ጠርቻቸው ቢመጡ በር አይከፍትላቸውም። እናትሽም ያለ እሱ አትመርቅም።»

ራሷን ነቀነቀች። ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፤ እንደማልወደው ታውቃለች። መንገዱ ላይ አንድ ሰው ጠባብ ቦታ ውስጥ ፓርክ ለማድረግ ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲል ሁለታችንም አየነው። ገባለት።

«ትናንት አርብ ነበር» አለች። «ዳላስ ልሂድ ወይ ብሎ ቴክስት አድርጎልኝ ነበር።»

«ምን አልሽው?»

«እናንተን ልጠይቅ ብዬ አልመለስኩለትም።» ስልኳን አላወጣችም። «ሶ፣ አላገባውም ማለት ነው።»

«እንደዚያ ይመስለኛል።»

አስተናጋጇ መጥታ የተረፈውን ቱ ጎ ላድርገውና ትወስዱታላችሁ ወይ አለች። አድርጊው አለቻት፤ እናቷ ስለምትጾም ሽሮውንና ምስሩን ለብቻ እንድታደርግላትም ነገረቻት።